ይሉኝታ ቢስ ጨረታ

ቦንጋ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው ቅጽል ስሜን ያውቃል። ይሉኝታ ቢሷ ይሉኛል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎ ዋለ። አሁን ግን ግቢዬ በር ላይ ጽፌ ብሰቅለው አላፍርም፤ ያልሰቀልኩት ታፔላ ግብር አለው ስላሉኝ ነው። ሥራዬ የተጋጨ፣ የተገለበጠ፣ ጎርፍ የገባበትና ባለቤቱ የረሳው መኪና በስልክ ማጫረት ነው። ይህን ሥራ ከቦንጋ ሆነሽ አትሠሪውም ያላለኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ብሏል፣ ወንድሜ ብሏል፣ ግቢ ያከራየኝ ሰውዬ ሳይቀር ቁልፉን እየሰጠኝ ብሏል። ዛሬ ሁሉም የማጫርትበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ አሉ። ዝም ብለው የሚያዩ ይመስላቸዋል እንጂ ስማቸው ይታየኛል።

ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ ፒካፕ ቆሞ ነበር። እኔ ስቀጠር ጎማ ነበረው። በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ “አንድ ፒካፕ፣ ከአገልግሎት ውጪ” ብዬ እጽፋለሁ፤ በየዓመቱም አንድ ነገር ይጎድልበታል። መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ መስታወቱ፣ ከዚያ ወንበሮቹ። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ለብረት አያዝንም፤ በመጨረሻ ኮፋኖው ሥር ሐረግ በቅሎ በፊቱ በኩል ወጣ። የሚያስወግደው ኮሚቴ ነበረ፤ ግን አንዱ አባል ሥልጠና ሲሄድ ሌላው ይዛወራል፣ እሱ ሲተካ ሦስተኛው ለቅሶ ላይ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነስቼ “ይህን መኪና አሁን እንሽጠው፤ ነገ የምንሸጠው አፈሩን ነው” አልኩ። ኃላፊው “አንቺ ምን አገባሽ?” አለኝ። “በየዓመቱ የምቆጥረው እኔ ነኝ” አልኩት። ከዚያ በኋላ ለስብሰባ የጠራኝ የለም፤ እኔም በዓመቱ ለቀቅሁ።

ከቤታችን ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ጋራዥ ያለው የላሜራ ሠራተኛ አለ። ግቢውን ባለቤቶቻቸው “ነገ መጥቼ አሠራዋለሁ” ብለው የተዉአቸው አራት አምስት መኪኖች ይዘውበት ነበር። ባለቤቶቹን እየዞርኩ አስፈቀድኩ፣ መኪኖቹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ግሩፕ ከፈትኩ። የላሜራ ሠራተኛው አንድ ነገር አስተማረኝ። የመጀመሪያውን መኪና ከደህና ጎኑ ላነሳው ስል ትከሻዬን ይዞ ወደ ተመታው ጎን አዞረኝ። “ይሄን ሳታሳዪ የሸጥሽለት ሰው ነገ የሚጮኸው እኔ በር ላይ ነው” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፎቶው ሥር መጀመሪያ የምጽፈው ጉዳቱን ነው። “ኑዛዜ” ብዬ እጀምራለሁ። “ኑዛዜ፦ በቀኝ በኩል ተመቷል። ሻንሲው ታጥፏል። ራዲያተሩ የለም፣ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ፍሬኑ ይይዛል፣ ግን ሲያሻው ነው።” ኦርቶዶክሶቹ የመኪና ንስሐ አባት ሆንሽ ብለው ሳቁብኝ። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ደግሞ “እኛ ለሰው አንናዘዝም፣ ለመኪና ግን ደግ ነው” አለችኝ።

ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። “ኦንላይን የተጋጨ መኪና ጨረታ የሚል መደብ ሲስተሙ ውስጥ የለም” አለኝ ባለሙያው። ምን የሚል እንዳለ ጠየቅሁት። ያገለገሉ ዕቃዎች ሽያጭ የሚል አለ አለኝ። “እንግዲያውስ ያገለገሉ ናቸው፤ አገልግለው አገልግለው ነው የሞቱት” አልኩት። ሦስት ቀን ካመላለሰኝ በኋላ ሰጠኝ፤ እስከ ዛሬ የምሠራው በዚያው ነው።

መኪኖቹ ተሸጡ። አንዱ በር፣ ሌላው መሪ፣ ሌላው ባሌስትራ እየፈለገ በዙሪያችን ካሉት ከተሞች፣ ከዋጫም ከደካም፣ ሰው ወደ ግሩፑ ገባ። ከሚዛን በኩል ጋራዥ ያላቸው መጡ። ዝናብ ሲያባራ እየጠበቅሁ ፎቶ አነሳለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኬን ይዤ ዳገቱ ላይ እወጣለሁ። ባለቤቴ “ሰው ልጅ ይዞ ይንከራተታል፣ አንቺ ስልክ ይዘሽ” ይለኛል። የላሜራ ሠራተኛው ግቢ ሲጠበን ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር አጥር ያለው ሰፊ ግቢ ተከራየሁ። ይህ ያልጣመው አንድ ሰው ነበር፤ የጅማው ደላላ። ከእኔ በፊት በዞኑ ውስጥ መኪና ሲጋጭ የሚደርሰው እሱ ነበር። መኪናውን ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ በብረት ዋጋ ይወስደዋል። ባለቤቱ ሌላ ገዢ ስለማያውቅ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሸጥለታል። “እህቴ፣ ከጅማ ወዲህ ገበያ የለም፣ አትድከሚ” ይለኝ ነበር። “ድካሙ የእኔ ነው” እለዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ግቢዬ በር ላይ ቆመች። “መኪና የምትሸጠው አንተ ነህ?” አለችኝ። አፍ የፈታችው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ የምትፈልገውን ግን አትስትም። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ አልኳት። እትዬ ማር ነጋዴ ነች። ከማንኪራና ከአካባቢው ንብ አናቢዎች እየገዛች ቦንጋ ገበያ ትሸጣለች። የዕድሜ ልክ ልፋቷን አጠራቅማ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ፣ ሹፌር ቀጥራ፣ ማሯንም ሰውንም ታመላልስ ነበር። ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ሚኒባሱን ጭቃ አንሸራቶት፣ የቆመ የጭነት መኪና ሥር ገባ። እግዜር ይመስገን ሰው አልሞተም። ኢንሹራንሱ ግን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ለራሷ መኪና የሚከፍላት የለም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እሷ ያቺ አንዷም ተሰባብራባት መጣች።

የምትፈልገው ግልጽ ነበር። ከስብርባሪው በሚገኘው ብር ያገለገለ የጭነት ባጃጅ መግዛት። ያ ከሆነ ንግዷ ይቀጥላል። ካልሆነ ንብ አናቢዎቹ ማራቸውን ለሌላ ነጋዴ ይሰጣሉ፤ ማር የሚቆረጥበት ወቅት ደግሞ እሷን ብሎ አይዘገይም። የጅማው ደላላ ቀድሞ አይቶት ኖሮ የሰጣት ዋጋ የባጃጁን ጎማ አይገዛም። “መነሻውን ዝቅ እናድርገው እትዬ፣ ሕዝቡ ራሱ ያወጣዋል” አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንንም አልወቅስም።

ጨረታው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል ብዬ አወጣሁ። በዚያን ጊዜ ደንቤ ቀላል ነበር። የፈለገ ሰው በስሙ ገብቶ ከፎቶው ሥር ዋጋ ይጽፋል፣ ከፍተኛው ያሸንፋል፣ የተዘጋ ጨረታ አይከፈትም። የመጨረሻዋን በደማቁ ጽፌያታለሁ። ጠዋት ዝናቡ ኔትወርኩን ይዞት ስለነበር ማንም አልጻፈም። ስድስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ዋጋ ገባ፤ ከመነሻው ትንሽ ከፍ ያለ። የጻፈውን ሰው ስም ሳይ ደስ አለኝ። ጋሼ ነበሩ።

በዚህ ከተማ ጋሼ ብዙ ነው፤ ያለ ስም ጋሼ ከተባለ ግን አንድ ሰው ናቸው። ሰላሳ ዓመት አስተምረው፣ ርዕሰ መምህር ሆነው፣ ጡረታ ወጥተዋል። እኔን አስተምረዋል፣ የላሜራ ሠራተኛውን አስተምረዋል፣ የንግድ ቢሮውን ባለሙያ አስተምረዋል። ግሩፑ ውስጥ ካለው የካፋ ሰው ግማሹ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። መንገድ ላይ ያገኛቸው ከባጃጅ ወርዶ ነው ሰላም የሚላቸው።

የሚቀጥለውን ዋጋ ጠበቅሁ። የመጣው ግን ዋጋ አልነበረም። “ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት” የሚል መጣ። ቀጥሎ “በደስታ ይንዱበት” የሚል፤ መሪው እስከ ሹፌሩ ወንበር የገባ መኪና ነው እኮ። አንዱ በካፊኖኖ፣ በላቲን ፊደል፣ ረጅም ምርቃት ጻፈ። ሌላው የአበባ ምስል ላከ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጨረታዬ ሠርግ ሆኖ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መጥተው ያዩት፣ ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን ሰጥተው የሰሙት ጋራዥ ያላቸው ሰዎች ጋ ደወልኩ። “እንዴት ብዬ ጋሼ ላይ እጨምራለሁ?” አለኝ አንዱ። “ሰው ምን ይለኛል?” አለኝ ሌላው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጋሁ። እትዬ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ደላላው ከሰጣት ብዙም አይርቅም። ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ በዝናቡ ሄደች።

ይሉኝታ መልካም ነገር ነው ብለው ነው ያሳደጉን። እኔም ልጆቼን እንዲያ ነው የማሳድገው፤ ለታላቅ ተነሱ፣ በትልቅ ሰው አፍ አትግቡ እላለሁ። ግን ያን ቀን ሒሳቡ ማን ላይ እንደሚያርፍ በዓይኔ አየሁ። ሁሉም ጋሼን አከበረ፤ ለአክብሮቱ የከፈለችው ግን ጋሼን በዓይኗ እንኳ የማታውቅ ማር ነጋዴ ነች። በሰው ንብረት መከባበር ደስ ይላል፤ ራስን አያስወጣም። ይህን ስናገር ዛሬም እናደዳለሁ።

በማግስቱ ጠዋት መጫኛ መኪና ይዞ የመጣው ጋሼ አልነበሩም፤ የጅማው ደላላ ነው። የጋሼ ፊርማ ያለበት “ለአምጪው ይሰጥ” የሚል ወረቀት ዘረጋልኝ። ወረቀቱን አይቼ እሱን አየሁት። ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቦንጋ ውስጥ በማን ላይ እንደማይጨመር ከጅማ የመጣው ሰው ከእኔ ቀድሞ አውቆታል።

“ጨረታው ተሰርዟል” አልኩት።

“በምን ሕግ?”

“በእኔ።”

“የተዘጋ ጨረታ አይከፈትም ብለሽ በደማቁ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?”

“ነኝ። የምከፍተውም እኔው ነኝ።”

የግቢውን በር በራሴ እጅ ቆለፍኩት። መጫኛው ከአጥሩ ውጪ ሲያጓራ ቆየ። ደላላው “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ብሎኝ ሄደ። ወረቀቱን የያዘው እሱ ነበር፤ እኔ የያዝኩት መኪናውን ነው።

ከዚያ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ደካ አካባቢ በዘመዶቻቸው ቀዬ የእህል ወፍጮ ሊተክሉ አስበዋል፤ ለዚያ የናፍጣ ሞተር ይፈልጋሉ። ደላላው መጥቶ “እርስዎ በስምዎ ይጫረቱ፣ ብሩን እኔ እከፍላለሁ፤ ሞተሩ ለእርስዎ፣ ሌላው ለእኔ” ብሏቸዋል።

“የጠየቀኝ ስሜን ነው፤ ሌላ ምንም አላወጣሁም” አሉኝ።

“ጋሼ፣ መኪናውን የገዛው እኮ ስምዎ ነው” አልኳቸው። “ሰው ያልጨመረው ዋጋው በቅቶ መሰለዎት? እርስዎን አፍሮ ነው።”

ፊታቸው ጠቆረ። “አንቺስ የዘጋሽውን ትከፍቻለሽ? ዛሬ ለእሷ ከከፈትሽ ነገ ለማን ትዘጊያለሽ? እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኩሽ?”

እውነት ነበራቸው። ይህን ዛሬም አልክድም። “ደንቤን አፍርሻለሁ” አልኳቸው። “ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ይዘጋል። እርስዎም እንደማንኛውም ሰው መጫረት ይችላሉ።” ደህና ዋዪ እንኳ ሳይሉኝ ወደ ቤት ገቡ።

ጨረታው መሰረዙን ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የጋሼን ስም አላነሳሁም፤ ያልገባው ሰው ግን አልነበረም። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰዉ ግሩፑን እየለቀቀ ወጣ። ጋሼን አዋረደች ተባለ። ይሉኝታ ቢስ የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ዕለት ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ፣ አንድም ዋጋ የለም። ትናንት አፍረው ዝም ያሉት ዛሬ ፈርተው ዝም አሉ። እትዬ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኬን ታያለች። ማንበብ አትችልም፤ ባዶ መሆኑ ግን ይታያታል። “ለጅማው ስጠው፣ በቃ” አለችኝ። “አልሰጥም” አልኳት። በምን እንደምወጣው ሳላውቅ ነው ያልኩት።

ለመዝጊያው ሃያ ደቂቃ ሲቀር የጋሼ ስም ብቅ አለ። እንዲህ ይላል፦ “መምህራችሁ ነኝ። ትናንት ስሜን ለሌላ ሰው አውሼ ተጫርቻለሁ። አጥፍቻለሁ። መኪናው የአንዲት ማር ነጋዴ ነው፤ ከሚገባው በታች መሄድ የለበትም። እጃችሁን አውጡ።” ለእትዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቀው ማንም ሳይመልስ ሲቀር የሚሉት “እጃችሁን አውጡ” ነበር። ከዚያ በኋላ እጁን ያላወጣ ተማሪ ወዮለት።

የመጀመሪያው ዋጋ ዋጫ ጋራዥ ካለው ሰው መጣ። “ይቅርታ ጋሼ፣ ጨምሬአለሁ” ይላል። ከእሱ በላይ የጻፈውም “ይቅርታ ጋሼ” ብሎ ጀመረ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ጋሼ ሌላ ቃል አልጻፉም፤ እያንዳንዱ ዋጋ ግን ይቅርታቸውን ጠይቆ ነው የሚገባው። ጋሼን አይተው የማያውቁ የሚዛን ሰዎች እንኳ የጨረታው ደንብ መስሏቸው “ይቅርታ ጋሼ” እያሉ ይጨምራሉ። እየሳቅሁም እያለቀስኩም አነብላት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚኒባሱን የዋጫው ሰው አሸነፈ። እትዬ ዋጋውን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ “ባጃጁ ቀይ ይሁን” አለች።

ደላላው ንግድ ቢሮ ከሰሰኝ። “ደንብሽን ራስሽ ጥሰሻል” አለኝ ባለሙያው። “አዎ” አልኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ፍሬም አስገብቼ ከንግድ ፈቃዱ ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ ጨረታ ከፍቼ አላውቅም። ስም ግን አስቀርቻለሁ። ሁሉም ተጫራች በቁጥር ይገባል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለቀው የወጡት ተመለሱ፣ ያልነበሩትንም ይዘው መጡ። አሁን ከኢንሹራንስ ቅርንጫፎች ይደወልልኛል፤ የጅማ ጋራዦች ቦንጋ ድረስ መጥተው ይጭናሉ። ከጅማ ወዲህ ገበያ የለም ያለኝ ሰው ራሱ ቁጥር አለው፤ እንደማንም ይጫረታል፣ እንደማንም ይሸነፋል። ሰዉ ዛሬም በቁጥር ገብቶ “ይቅርታ” ብሎ ነው የሚጨምረው፤ አዲሶቹ ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቁ አያውቁም። አላረምኳቸውም።

ጋሼ ሞተራቸውን አላገኙም። ደካ ያሉት ዘመዶቻቸው አሁንም እህላቸውን ተሸክመው ሩቅ ሄደው ያስፈጫሉ። እሳቸውም ቁጥር ወሰዱ። ባለፈው ሰሞን የናፍጣ ሞተር ያለው ፒካፕ ሳወጣ ገቡ። ጨመሩ፣ ሌላው ጨመረባቸው፣ እንደገና ጨመሩ። ለመዝጊያው አምስት ደቂቃ ሲቀር ስልኬ ጠራ።

“ማን ነው የሚጨምርብኝ?” አሉኝ።

“አልናገርም ጋሼ።”

“ተማሪዬ ነው?”

“አልናገርም።”

ስልኩን ዘጉት። ተማሪያቸው ነበር። ደውዬ አንድ ቃል ብነግረው ወዲያው ይተወዋል፤ ይቅርታም ይጠይቃቸዋል። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነበር። ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ያ ወፍጮ ቢተከል ከእሳቸው እኩል ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። አልደወልኩም። ሰዓቱ ሲደርስ ዘጋሁት፤ ተበለጡ።

በማግስቱ ጠዋት በግቢዬ በር ሲያልፉ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና በሩ ላይ የተለጠፈውን፣ አዲስ የገባውን መኪና ጉዳት ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

“ሞተሩ ይነሳል?” አሉኝ።

“ይነሳል፤ ግን ያጨሳል።”

“መቼ ይዘጋል?”

“ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት” አልኳቸው።

“እገባለሁ” ብለው ዳገቱን ያዙ።